ከሩጫው በፊት የጠጣሁት ኮሶ

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። እናቴን አትጥሉብኝ። ወደ መጨረሻው ስትደርሱ መጥላት ያምራችሁ ይሆናል። እኔ ሞክሬው አልሆነልኝም። እንደ ድሮው መውደዱም አልሆነልኝም፤ በመካከሉ ተንጠልጥዬ ነው የምኖረው።

ስሜ ጌታሁን ነው። መካነ ሰላም ተወልጄ፣ ውትድርና ገብቼ፣ አስር አለቃ ሆኜ፣ ተመልሼ መካነ ሰላም የተቀመጥሁ ሰው ነኝ። ከሰራዊቱ የወጣሁት በራሴ ጥያቄ ነበር። አባቴ ሲሞት እናቴ ብቻዋን ቀረች። ታላቅ ወንድሜ ደረጀም ወታደር ስለነበር ከሁለታችን አንዳችን መመለስ ነበረብን፤ የተመለስሁት እኔ ሆንሁ። እሱ ከእኔ የበለጠ ወታደርነቱን ይወደው ነበር።

ከተመለስሁ ዓመት ሳይሞላኝ የደረጀ መርዶ መጣ። አስከሬኑ አልመጣም። በእኛ አገር አስከሬን ሲታጣ የሟቹ ልብስ ይወጣና በእሱ ላይ ይለቀሳል። እኛም የደረጀን ጋቢ አልጋ ላይ ዘርግተን በጋቢው ላይ አለቀስን። እናቴ ከሰልስቱ በኋላ ጋቢውን አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ወዲያ የልጇን ስም ስታነሳ ሰምቻት አላውቅም።

አባቴ የተወልን መሬት በሬ አዙሮ ለመመለስ የማትበቃ ቁራሽ ናት። ስለዚህ ያገኘሁትን ሠራሁ፤ ብሎኬት ተሸከምሁ፣ የእህል መጋዘን ጠበቅሁ፣ በገበያ ቀን ጭነት አወረድሁ። በዚህ መሀል ብርቱካንን አገባሁ። ብርቱካን ሳቂታ ናት፤ ሳቋ ከቤት ወጥቶ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ስለነበርን "ለሁለት ዓመት ብቻ" ብላ ሪያድ ሄደች። ሁለቱ አራት ሆነ። ቤታችንን ቆርቆሮ ያለበሰችው እሷ ናት። የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት የምትገዛው እሷ ናት። እኔ ብርድ ሲሆን የምደርበው ጃኬት እንኳ እሷ የላከችው ነው። ሰፈር ውስጥ ስሜ ጠፍቶ "የብርቱካን ባል" ሆኜ ቀረሁ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ እውነቱ እንዲያ ስለሆነ ነው።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ፣ ከዚህ በፊት ያገለገልን ሰዎች መመለስ ከፈለግን መመዝገብ እንደምንችል ተነገረ። እንደ አዲስ ምልምል ከሀ ሁ አንጀምርም። አጭር የማሸጋገሪያ ስልጠና ወስደን፣ እኛ ከወጣን ወዲህ የተለወጠውን ተምረን፣ በማዕረጋችን እንቀጥላለን። ወደ ስልጠናው ለመግባት ግን የጤና ምርመራ አለ፤ ሩጫም አለ።

ወሬውን የሰማሁ ዕለት ለብርቱካን ደወልሁላት።

"ጌቴ፣ እኔም ልደውልልህ ነበር" አለችኝ። "ኮንትራቴ ሊያልቅ ነው። ማዳም ቁርጥሽን ንገሪኝ እያለች ነው። ከፈረምሁ ሌላ ሁለት ዓመት ነው። ሠላሳ አምስት ሊሞላኝ ነው እኮ። ልጅ መቼ ልወልድ ነው?"

"አትፈርሚ" አልኋት። "ልመለስ ነው። ካለፍሁ ደመወዝ አለኝ፤ አንቺም ትመጫለሽ።"

"አንተ ካምፕ፣ እኔ መካነ ሰላም? ምኑን መጣሁት ታዲያ?"

"ፈቃድ አለ። ደግሞ ካምፑ አጠገብ ቤት እንከራያለን። ቢያንስ በአንድ አገር እንሆናለን ብርቱ።"

ሳቀች፤ ያ ሳቋ ከመጣ ብዙ ጊዜው ነበር። "እሺ፤ የተፈተንህ ዕለት ደውልልኝ። እስከዚያ አልፈርምም" አለች። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሮጠው ለሰራዊቱ ብዬ አልነበረም። ብርቱካንን ለማምጣት ነበር።

አብሮኝ የተዘጋጀው ይማም ነው። ይማም የድሮ መትረየስ ተኳሽ ነው፤ አሁን ገበያ ላይ ልባሽ ጨርቅ ይሸጣል፤ ቦርጩም ከእሱ ቀድሞ ነው ሱቅ የሚደርሰው። ጎህ ሲቀድ ተነስተን በወግዲ መንገድ እንሮጣለን። የመጀመሪያው ቀን ከተማው ሳያልቅ እኛ አለቅን። ወፍጮ ቤት የሚሄዱ ሴቶች ቆመው አዩን።

"ምን አሳድዷቸው ነው?" አለች አንዷ።

"እርጅና!" አለ ይማም ትንፋሹ እየተቆራረጠ። እነሱም ሳቁ፣ እኛም መንገድ ዳር ተቀምጠን ሳቅን።

እየቆየ ግን ሰውነት የለመደውን ያስታውሳል። ትንፋሻችን ረዘመ። ይማም ቦርጩን ቀበቶ ውስጥ ማስገባት ጀመረ። ከሩጫ በኋላ የእርሻ ድንበር ላይ ተደግፈን ፑሽ አፕ እንሠራለን፤ እሱ እንደ ድሮ አዛዥ እየጮኸ ይቆጥርልኛል፣ ሲደክመው ቁጥሩን ይዘላል። በወግዲ መንገድ ከዳገቱ ማዶ ድረስ ሳንቆም ሄደን የተመለስን ቀን ልቤ በደስታ ሞላ። ቤት ስገባ ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር። እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም ቀና ብላ አየችኝ።

እናቴ መጀመሪያ ስነግራት እሳት ሆናብኝ ነበር። ቀናት ሙሉ አኩርፋኝ ሰነበተች። በዚያ ስስቅ ባየችኝ ሰሞን ግን ድንገት ለዘብ አለች። "ካልህማ ይሁን" አለች። እንዲያውም የይማምን አባት ጋሽ ሰይድን ጠርታ ዱአ አስደረገችልን። ጋሽ ሰይድ መዳፋቸውን ዘርግተው "አላህ በአፊያ ወስዶ በአፊያ ይመልሳችሁ" ሲሉ፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረችው እናቴ ከሁላችንም በላይ ጮክ ብላ "አሚን" አለች። ደስ አለኝ። እናቴን አሸነፍኋት ብዬ አሰብሁ።

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ይማም አንድ ወሬ ይዞ መጣ። ጎረቤታችን አጅባር ላይ የተፈታኞቹን ሰገራ መርምረው ኮሶ ትል ያለበትን መልሰዋል ተባለ። እኔ ደግሞ ለመስቀል ጥሬ ሥጋ እንደ ጉድ በልቻለሁ፤ ሰሞኑን ሆዴን ሲቆርጠኝ ነበር።

"ታዲያ ኮሶ ምን ይሠራል?" አለች እናቴ ከጓዳ። "ከሳይንት ደን የምታመጣ ሴት አውቃለሁ። እኔው አዘጋጅልሃለሁ።"

"እማማ ስንዱ፣ ዛሬ እኮ ክኒን አለ" አላት ይማም።

"ክኒኑ የትሉን ራስ ይተወዋል። ከነራሱ የሚነቅለው ኮሶ ነው። አንተ ክኒንህን ዋጥ፤ ልጄን ለእኔ ተውልኝ።"

ፈተናው ቅዳሜ ነበር። ኮሶውን ሐሙስ ጠዋት በባዶ ሆዴ ጠጣሁ። ልጅ ሳለሁ ጠጥቼ አውቃለሁ፤ እስከ ቀትር ያሰቃያል፣ ትሉ ይወጣል፣ ከዚያ ማሻሪያ የዶሮ መረቅ ይጠጣል፤ በማግስቱ ሰው እንደ አዲስ ይነሳል። ስለዚህ አርብን አርፌ ቅዳሜ እሮጣለሁ ብዬ ነው ያሰብሁት።

በእኛ አገር የሚጠጣ ነገር ለሰው የሚያቀርብ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ጠላም ይሁን አረቄ፣ ሳይቀመስ አይሰጥም። ምንም የለበትም፣ እመነኝ ማለት ነው። ኮሶን ግን የሚቀምሰው የለም። ማን ወዶ! እናቴም ጣሳውን እንዲሁ ሰጠችኝ።

"ወፍሯል እቴቴ" አልኋት።

"የዘንድሮ ስለሆነ ነው። ሳትተነፍስ ጨርሰው።"

ጨረስሁት። ምሬቱ ጆሮዬ ድረስ ተሰማኝ።

ኮሶ የጠጣ ሰው አይጠየቅም፤ በር ይዘጋበታል፤ የመጣ ሰው "ኮሶ ጠጥቷል" ከተባለ ሳይገባ ይመለሳል። እኔም ከጓሮ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ጓሮ ስመላለስ ዋልሁ። ቀትር ላይ ትሉ ወጣ። ተገላገልሁ ብዬ መረቁን ጠየቅሁ።

"ገና ነው። ሳይጠራ ከበላህ ይመለስብሃል" አለች እናቴ።

አልቆመም። ማስመለስም ተጨመረበት። አርብ ጠዋት የቆምሁት ምሰሶውን ይዤ ነው። እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ፊቴን በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ ዓይኔን አታይም ነበር። ለእኔ አዝና መስሎኝ አንጀቴን በላችው። "አይዞሽ፤ ደህና ነኝ" እላታለሁ እኔ፣ ልነሳ እንኳ ሳልችል።

ይማም አርብም ከደጅ ስላጣኝ በሩን ገፍቶ ገባ። አየኝና ደነገጠ። "ያ ረቢ! ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"አልሄድም። ታሞ ነበር ከተባለ መዝገቡ ላይ ይቀራል።"

ሮጦ ከፋርማሲ ሕይወት አድን ዱቄት አመጣና በጥብጦ ራሱ አጠጣኝ። "አብሽር፤ እስከ ነገ ትነሳለህ" አለኝ። እናቴ ጥግ ቆማ "ነገ ባይሄድስ?" አለች። ይማም "ስሙ ከተሰረዘ አለቀ እኮ እማማ። የቀረ ሰው ሁለተኛ አይጠራም" አላት። እሷ ጨርቁን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ቅዳሜ በይማም ትከሻ ተደግፌ ሄድሁ። ፈተናው ቦታ ልንደርስ ስንል ለቅቆኝ ራቅ ብሎ ሄደ፤ ተደግፌ እንዳያዩኝ ነው። የጤና ምርመራው ቀደመ። ዓይን አዩ፣ ጥርስ አዩ፣ የድሮ ቁስሌን አዩ። ሐኪሙ የደም ግፊቴን ሲለካ ፊቱን ቋጠረ። "ደምህ ወርዷል። ታመሃል እንዴ?" አለኝ። "ቁርስ ሳልበላ ነው የመጣሁት ዶክተር" አልሁት። አየኝ፣ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ አሳለፈኝ። ስለ ሰገራ የጠየቀኝ ሰው የለም። ከእኔ በፊትም በኋላም የተጠየቀ የለም። ያ ሁሉ መከራ ለወሬ ነበር።

ሩጫው ያው በወግዲ መንገድ ነበር፤ እኔና ይማም ጠጠሩን ሳይቀር በምናውቀው መንገድ። ፊሽካው ሲነፋ መሀል ገብቼ ሮጥሁ። ትገረማላችሁ፤ መጀመሪያ ላይ እግሬ ሄደልኝ። ሰውነቴ ለሳምንታት የለመደውን በራሱ ይሠራ ነበር። መዞሪያው ላይ ስደርስ አሁንም ከመሀል አልወጣሁም። ብርቱካን ከአውሮፕላን ጣቢያ ሻንጣ እየጎተተች ስትወጣ በዓይነ ሕሊናዬ አየኋት። እስከ መጨረሻው እሷን ብቻ እያየሁ ልደርስ ነው አልሁ።

ከዚያ ዳገቱ መጣ። መንገዱ ነጭ ሆነብኝ። የሰው ኮቴ እሰማለሁ፣ ሰው ግን አይታየኝም። መንገድ ዳር ባሕር ዛፎች ያሉበት ላይ በግንባሬ ተደፋሁ። ከከተማው መግቢያ ፊት ነበርሁ፤ የመጨረሻው መስመር ላይ የቆሙት ሰዎች ይታያሉ።

ይማም ከፊቴ ነበር። ተመልሶ መጣ። ብብቴ ሥር ገብቶ ሊያነሳኝ ሲታገል ፈተናውን የሚመራው ሻምበል ከኋላ ደረሰ።

"ተወው! ሌላ ሰው የደገፈው አያልፍም። አንተም ትወድቃለህ፤ ሂድ!"

ይማም አልሄደም። "ተነስ ጌቴ። ወላሂ ትንሽ ነው የቀረችው። ብርቱካንን አስብ!" አለኝ። እያለቀሰ ነበር።

"ሂድ" አልሁት። "ሂድልኝ።"

ሄደ። ከመሬት ሆኜ ጀርባውን አየሁት። ቦርጩ ጠፍቶ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሲገባ አየሁት። ሻምበሉ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ውሃ አጠጣኝ፣ ጥላ ውስጥ አስቀመጠኝ። ሌላ ዕድል አለ ወይ ብዬ ስጠይቀው ግን ዓይኑን ከእኔ አነሳ። "ሩጫ የወደቀ ነባር አባል ደግሞ አይፈተንም ወንድሜ" አለኝ። ወሽመጤ ተቆረጠ።

ወደ ማታ ብርቱካን ራሷ ደወለች። ሄሎ ከማለቴ ገባት።

"አላለፍህም።"

"ትንፋሽ አጠረኝ ብርቱ።"

ከኋላዋ የሰሃን ድምፅ ይሰማል፤ ሥራ ላይ ናት። "አይዞህ" አለችኝ። እሷ እኔን! "ነገ እፈርማለሁ። በቃ፣ ምን ይደረጋል። እማማን ሰላም በልልኝ፤ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ።" ስልኩን ከዘጋች በኋላም ከጆሮዬ አላነሳሁትም።

በማግስቱ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሳጥኑን ከፈተች። የደረጀን ጋቢ አውጥታ እኔ የተኛሁበት አልጋ እግርጌ አስቀመጠችው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ልነግርህ ነው" አለች። "ከሰማህ በኋላ ጥለኸኝ ብትሄድም አልፈርድብህም። ኮሶው ሁለት እፍኝ ነበር።"

አልገባኝም።

"ለትልቅ ሰው አንድ እፍኝ እንደሚበቃ አንተን ሳልወልድ ጀምሮ አውቃለሁ። ሁለት አደረግሁት። መረቁንም አውቄ ነው የከለከልሁህ።"

"ለምን?" ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

"ያን ቀን ከሩጫ ስትመለስ እየሳቅህ ገባህ። ደረጀም የመጨረሻውን ጊዜ ሲሄድ እንዲያ እየሳቀ ነው ከዚህ በር የወጣው። እዚህ ብትወድቅ ትነሳለህ አልሁ። እዚያ ስትወድቅ ማን ያነሳሃል?"

"ልትገድይኝ ነበር እኮ እቴቴ። ኮሶ ሰው ይገድላል።"

"አውቃለሁ። ሁለቱን ቀን እንዴት እንደሰነበትሁ የፈጠረኝ ያውቃል።" ጋቢውን ዳሰሰችው። "ብትሞትም ግን እጄ ላይ ነው። ገንዤ፣ ስሜህ፣ አፈር አለብስህ ነበር። ሁለተኛ በጋቢ ላይ አላለቅስም።"

"ብርቱካንስ? ብርቱካን ምን አደረገችሽ?"

ያኔ ነው ያለቀሰችው። "ብርቱካን በሕይወት አለች። ትደውላለች፤ ድምፅዋን ትሰማለህ። የደረጀን ድምፅ ማን ያሰማኛል?"

ተነስቼ ወጣሁ። ግድግዳውን ይዤ ነው የወጣሁት። በወግዲ መንገድ አቅሜ እስከ ፈቀደ ሄድሁ፤ ሁለተኛ ወደዚያ ቤት አልገባም ብዬ እየማልሁ። ከዚያ ተመለስሁ። ይቅር ብያት እንዳይመስላችሁ። የምሄድበት ስለሌለኝ ነው። ቤቱም የብርቱካን ቆርቆሮ ነው፤ ጥዬው የት እሄዳለሁ?

ይማም ሰኞ ከሌሎቹ ጋር በመኪና ሄደ። ከስልጠናው ላይ ይደውልልኝ ነበር፤ የምግቡን፣ የአዳዲሱን መሣሪያ፣ ወጣቶቹ ወታደሮች "ፋዘር" እያሉ እንደሚቀልዱበት ያወራኝ ነበር። አንድ ቀን "ኔትወርክ የሌለበት ልንሄድ ነው፤ ለአባዬ ንገርልኝ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው። ጋሽ ሰይድ ከሶላት ሲመለሱ በእኛ ደጅ ያልፋሉ። "ጌታሁን፣ ከልጄ የሰማህ አለ?" ይሉኛል። "አብሽሩ ጋሼ፤ ኔትወርክ ነው" እላቸዋለሁ። እናቴ ከውስጥ ትሰማለች። አንድም ቀን "አላልሁህም?" ብላኝ አታውቅም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር፤ እጮህባት ነበር።

ለብርቱካን እውነቱን አልነገርኋትም። ትንፋሽ አጠረው ብላ ነው የምታስበው። በደወለች ቁጥር "እማማን አቅርብልኝ" ትላለች፤ እናቴም ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትመርቃታለች። ብርቱካን የመድኃኒቱንም ገንዘብ አላቋረጠችም። ብነግራት እናቴንም፣ ከእናቴ ጋር የምኖረውን እኔንም ታጣለች፤ ባልነግራት እኔ ብቻዬን ተሸክሜው እኖራለሁ። የቱ እንደሚሻል እናንተን ብጠይቃችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን መልሱ እናንተም ዘንድ የለም። አንዳንዶቻችሁ እናትህ ሕይወትህን አትርፋልሃለች ትሉኛላችሁ። ይሆናል። የተረፈው ሕይወት ግን ይኸው ነው፤ የእህል መጋዘን እጠብቃለሁ፣ ብርቱካን ከተማዋን እንኳ በቅጡ ባላየችው አገር ታረጃለች፣ ልጃችን አልተወለደም። ከእንግዲህም የሚወለድ አይመስለኝም።

አሁን ጠዋት ጠዋት አልሮጥም። ወፍጮ ቤት የሚሄዱት ሴቶች "ዛሬ አሳዳጁ ቀረ?" ይሉኛል፤ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ።

ከእናቴ ጋር በአንድ ማዕድ እንበላለን። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሳንም። ከሥራ ስገባ ግን ውሃ ታቀርብልኛለች። ውሃ በእኛ አገር አይቀመስም፤ ውሃ ነውና። እሷ ግን ሳልጠይቃት በመዳፏ ጠብ ታደርግና ፊቴ ላይ ቆማ ትቀምሰዋለች። ከዚያ ጣሳውን ትዘረጋልኛለች። አንድ ቀን "ተይው እቴቴ፤ አያስፈልግም" ልላት አስባለሁ። እስከ ዛሬ ግን አላልኋትም፤ እስክትውጠው ጠብቄ ነው የምጠጣው።